በተሾመ ወረቀት የተሰጠ ገለጻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

እምቢ ብዬ ነበር፤ ደጋግሜ። ጋሽ ደምሴ ግን ሰው እምቢ ሲላቸው ጆሯቸው የሚደፈን አለቃ ናቸው። "ጓድ ሙሉእመቤት ማክሰኞ ጠዋት ስለ ላምባ ፍሪጅ ገለጻ ትሰጣለች" ብለው ስብሰባው ላይ አስታወቁና ቁጭ አሉ። ሰው አጨበጨበ። በጭብጨባ የተመደበ ሰው ደግሞ ምን አፍ አለው?

ከየክፍለ ሀገሩ የክሊኒክ ሠራተኞች ለሴሚናር እየገቡ ነው። መብራት የሌለበት አገር ክትባት የሚያስቀምጡት በላምባ ፍሪጅ ነው፤ ከታች እሳት ይነዳል፣ ከላይ ይቀዘቅዛል። ፍሪጁ ከቆመ ክትባቱ ተበላሸ፣ ክትባቱ ከተበላሸ ኩፍኝ የመንደሩን ልጆች ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቀልድ አይደለም።

መጠገኑን እችላለሁ። ሰው ፊት ቆሞ ማውራት ነው የሚያቅተኝ። ደግሞም ይህ ገለጻ የእኔ ሥራ አልነበረም፣ የባልደረባዬ የተሾመ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ ኖረን መሥሪያ ቤቱ የጤና ጣቢያዎቹን ፍሪጅ እንዲጠግን ወደ ሰሜን ላከው። ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤ የለም። አንዱ "ተማርኮ ነው" ይላል፣ ሌላው "ሱዳን ገብቷል" ይላል። እኔ ድሮም ደብዳቤ መጻፍ ይሰንፋል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

የሚያስፈልገኝ፦ ጠመኔ፣ ውሃ ልክ፣ አንድ የሚሠራ ፍሪጅ፣ አንድ የማይሠራ። የማይሠራው ሞልቷል። ከፍሪጁ ጋር የመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግማሹ ተቀዶ ጠፍቷል። ተሾመ ግን ገና ሳይቀደድ ወደ አማርኛ መልሶት ነበር፤ ሥዕሉን ሳይቀር ስሎታል። ወረቀቶቹ እናቱ ጋ ናቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድኩ። የተሾመ እናት እማማ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ከቀበሌው ሱቅ ልጅ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ነገሩ የስኳር ነው። "ልጅዎ ቤት የለም፣ የእሱ ድርሻ ይቀነሳል" ብሏቸዋል። "ልጄን ከቤተሰቡ ቁጥር አታወጣውም! መንግሥት ነው የላከው፣ መንግሥት ይመልሰዋል!" ይላሉ። ልጁም ሰለቸውና ሰፈረላቸው።

ገብቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሳጥኑን ከፈቱ። ወረቀቶቹ በሻሽ ተጠቅልለዋል። አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ እንጂ አልሰጡኝም።

"ስሙን ትጠሪያለሽ?" አሉኝ።

"እጠራለሁ እማማ።"

"እንዴት ብለሽ?"

"ይህን የጻፈው ተሾመ ነው ብዬ፣ ከመጀመሬ በፊት።"

"እንግዲያው እኔም መጥቼ ልስማ። ቤት ውስጥ ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ ሆንኩ እኮ። ሰው እኔ ፊት ሊያነሳው ይፈራል፤ ወሬ ይቀየራል፤ አንቺም ሳትቀሪ።"

እውነት ነው። እኔም ሳልቀር። ፊቴ ጋለ። "ይምጡ እንጂ፣ ፊት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጥዎት" አልኳቸው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

እስከ እኩለ ቀን ቢሮ ነበርኩ። አንድ ሥራ አልሠራሁም፤ የተሾመን ወረቀት ሳነብ ዋልኩ።

ያው ራሱ ነው። ጠባዩ ፊደሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ከአንዱ አንቀጽ ጎን "ይህ ከመጽሐፉ ነው" ይላል። ከሌላው ጎን "ይህን ሞክሬ ያገኘሁት ነው፣ ሁለተኛ ሰው ይሞክረው" ይላል። ቆሞ የቀረን ፍሪጅ ገልብጦ አሳድሮ መልሶ ማቆም የሚለው ጋ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ "ይህን ያሳየኝ የጎሬ ክሊኒክ ድሬሰር ነው። ስሙን ሳልጠይቀው በመምጣቴ ነውሬ ነው።" ነውሬ ነው! ማንም የማያነበው ወረቀት ላይ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሌላው መጣና ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሰውዬው ስሙን ላላወቀው ድሬሰር እንኳ ድርሻውን ሰጥቷል። እኔ ወረቀቱን ይዤ እንደ ራሴ ብናገር ምን እባላለሁ? የሰው ወርቅ አያደምቅም።

የሚበተነውን ጽሑፍ የፊት ገጽ አዘጋጀሁ፦ "ከተሾመ ማስታወሻ የተወሰደ። እሱም ከፍሪጁ መጽሐፍና ከራሱ ልምድ ያዘጋጀው።" በስቴንስል እንዲባዛ ፈርመው እንዲፈቅዱ ጋሽ ደምሴ ጋ አስገባሁት። ልወጣ ስል ጠሩኝ። ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል።

"የግለሰብ ስም አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የጋራ ጥረት ተዘጋጀ በይ።"

"ጋሼ፣ የትኛው የጋራ ጥረት? እሱ ብቻውን ነው የጻፈው።"

"ግለኝነት ነው ይባላል ሙሉ። ተይው።"

ዓይኔን አላዩኝም። ተሾመን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነበር። ሰው እንዲህ ነው? እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሆዱ የት ይሄዳል? በሩን ጮክ አድርጌ ዘጋሁት። ፈሪ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። እህቴ ገነት አልጋ ላይ ተቀምጣ ሴሚናር ሆነችልኝ።

"እሳት ነው የሚያቀዘቅዘው? ልታሞኚን ነው?" አለች።

አስረዳኋት፤ እሳቱ ቱቦ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያፈላ ወደ ላይ ይሰደዋል፣ ሲመለስ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አልገባትም። በተሾመ አባባል ደግሜ ነገርኳት፦ "እጅሽን አርጥበሽ ንፋስ ላይ ያዢው። ቀዘቀዘሽ? ውሃው ሲሄድ ሙቀትሽን ሰርቆ ነው። ፍሪጁም ሌባ ነው፤ እሳቱ የሌባው ስንቅ ነው።" ወዲያው ገባት። ይህንንም ስናገር ስሙን መጥራት አለብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ከየት አመጣለሁ።

"ትወጂው ነበር እንዴ?" አለችኝ ገነት፣ ድንገት።

"እንደ ወንድሜ ነው" አልኳት። ለእሷ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ናፍቆኛል። በጣም ነው የናፈቀኝ። ሲመለስ ገለጻውን እንዴት እንዳበላሸሁበት ነግሬው ሲስቅብኝ ማየት ነው የምፈልገው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ልደታ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውን ሕዝብ እየተጋፋሁ ሥራ ገባሁ፤ ተሳልሜ እንኳ አልቆምኩም፣ ለጠብ ነበር የቸኮልኩት።

"ስሙ ካልገባ አልናገርም። ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው ጋሽ ደምሴን። ቆሜ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

"ከወረቀቱ ላይ ይቅር። በቃልሽ ጥሪው፣ በአጭሩ። አትጎትቺው" አሉ።

"ምን ያስፈራዎታል ጋሼ?"

"ሰው ይሰማል።"

"ይስማ እንጂ! እሱንስ አይደል የምፈልገው?"

"በይ ሂጂ" አሉኝ።

አሸነፍኩ! ግማሽ ድል ናት፣ ግን ድል ናት። ማባዣው ቀለም እየጠጣብን ሁለት ስቴንስል ተቀደደ፤ በመጨረሻ ወጣ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኗል። ውሃ ልኩ ተገኘ። የሚሠራውን ፍሪጅ አዳራሽ አስገብተን ለኮስነው፣ ነገ ጠዋት በረዶ ይሠራል።

ማታ እማማ ጥሩወርቅ ጋ ደርሼ "ነገ በሦስት ሰዓት" አልኳቸው። ነጠላቸውን አጥበው ገመድ ላይ አስጥተዋል። ለጋሽ ደምሴ ግን እማማ እንደሚመጡ አልነገርኳቸውም። ይህንንም "ይቅር" እንዳይሉኝ ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

በተራ ልሞክር። እማማ ቀድመው መጡ። ነጭ ለብሰው። ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እናቱ መሆናቸውን መጨረሻ ላይ ላስተዋውቅ ነበር ሐሳቤ። አዳራሹ እንዲያጨበጭብላቸው ፈልጌ። ለማማር ብዬ!

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሲገቡ አዩአቸው። ወደ እኔ መጡና "እሳቸውን ማን ጠራቸው?" አሉኝ። እኔ አልኩ። "ምን አደረግሽ ሙሉ፣ ምን አደረግሽ" አሉ። ክንዴን ያዙኝ፣ ሌላ ነገር ሊሉኝ። ሰው ሞልቶ ይጠብቀኛል። አስለቅቄ ሄድኩ። እሳቸው በሩ ሥር ቆመው ቀሩ።

ጀመርኩ። "ዛሬ የምነግራችሁ የእኔ አይደለም። የጻፈው ባልደረባዬ ተሾመ ነው። እሱም ከመጽሐፍ የወሰደውን ከመጽሐፍ ነው፣ ከሰው የተማረውን ከሰው ነው ብሎ ለይቶታል" አልኩ። ምላሴ አልተሳሰረም። እማማን አየኋቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር፣ ፊታቸው በራ። ያንን ፊት በሕይወቴ አልረሳውም።

ገለጻው ጥሩ ሄደ። በሌባው ሳቁ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን እንዳለበት፣ ቢጫ ከሆነ ጥላሸት እንደሚያበዛ አሳየሁ። ፍሪጁ በውሃ ልክ ካልቆመ እንደማይቀዘቅዝ። ከዚያ ወደ ላምባው ክር መጣሁ፦ የከሰለውን ጫፍ በምላጭ አትቁረጡ፣ በጨርቅ ጥረጉት እንጂ።

ከመሐል አንድ ሰው እጁን አነሳ። ከወሎ የመጣ የጤና ረዳት ነው፣ ይመር ይባላል። ደስ ብሎት ነው የተነሳው። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

"እህቴ፣ ይህን ክር ነገር እኔን በእጁ ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና! እኛ ክሊኒክ ሰንብቶ ነው ፍሪጃችንን ያስነሳልን። ስሙን ስትጠሪው ጊዜ ደነገጥኩኝ። ደግ ሰው ነበር።"

እማማ ተነሱ። ይመርን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

"ሙሉ፣ ማንን ነው የሚለው?"

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ምንም አለማለቴ ነገራቸው።

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሮጠው መጡ፣ ሳይደርሱላቸው ግን እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጮሁም መጀመሪያ። "ልጄን? ልጄን?" ብቻ። ከዚያ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሴቶቹ ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቧቸው፣ የማያውቋቸው ሴቶች፣ ሁሉም አለቀሰ። ይመር "እኔ ምን አውቄ! ምን አውቄ!" እያለ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሱ ምን ያውቃል። እኔ ነኝ።

ፍሪጁ ይነዳል። ያጠፋው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ድንኳን ተተክሏል። እድሩ ወንበርና ድስት አመጣ። የቀበሌው ሱቅ ልጅ ሳይቀር መጥቶ አግዳሚ ሲሸከም አየሁት፤ ቀና ብሎ ማንንም አያይም።

ጋሽ ደምሴ ውጪ አጥሩ ሥር ጠሩኝ።

"ከፋሲካ በኋላ ነው መሞቱን ከላይ የነገሩኝ" አሉ። "የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ተመታች። የመንገዱ ነገር እንዳይወራ ፈልገው ነው መሰለኝ፣ 'ለቤተሰቡ እኛ እናሳውቃለን፣ አንተ ዝም በል' አሉኝ። ዝም አልኩ። ነገ ያሳውቃሉ፣ ነገ ያሳውቃሉ ስል ወራት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገራቸው? ስሙን አትጥሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንዱ ተነሥቶ ነፍሱን ይማር ይላል ብዬ ፈራሁ።"

"ለእኔ ቢነግሩኝስ ምን ነበረበት?"

"ትችዪው ነበር? እሳቸው ፊት ቆመሽ ትችዪው ነበር?"

ፈሪ ብዬ ነበር የጻፍኩት። አሁንም ፈሪ ናቸው። እኔ ደግሞ ደፋር ነበርኩ፤ ድፍረቴ ምን እንዳመጣ ይኸው ድንኳኑ።

መርዶ እኮ ወግ አለው። ዘመድ በምሥጢር ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ የሚደግፍ፣ ውሃ የሚያቀርብ ሴት ተዘጋጅቶ ነው ቃሉ የሚወጣው። ለእማማ ጥሩወርቅ ግን ቀን በሦስት ሰዓት፣ በማያውቁት ሕዝብ መሐል፣ በነጭ ልብሳቸው፣ ስለ ፍሪጅ ክር ሲወራ። ያደረግሁት ይህን ነው። ገነት "አላወቅሽም፣ ምን በወጣሽ" ትለኛለች። አላወቅሁም፣ ልክ ነው። አያጽናናም።

ለራሴም ገና አላለቀስኩም። ወጥ ሳማስል፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሰው ሳስቀምጥ ዋልኩ። ለእኔ ማን ነው ለቅሶ የሚደርሰኝ? ባልደረባ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሠልስት ወጣ። ሰው ሲሳሳ ይመር መጣ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ድንኳኑ ዳር እየቆመ ሳይገባ ይመለስ ነበር። ዛሬ እማማ ራሳቸው አስጠሩት። አጠገባቸው አስቀመጡት። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ተከናንበዋል፣ ድምፃቸው ዘግቷል።

"ቀበራችሁት?" አሉት።

"ቀበርነው እማማ።"

"የት?"

"ከከተማው በላይ ካለችው ማርያም። እኔ እስላም ነኝ፣ ሥርዓቱን አላውቀውም። ቄሶቹን ሄጄ ጠራሁ፣ እነሱ ፍትሐቱን ፈቱለት። ሳጥን አላገኘንም። አቡጄዲ ገዝተን ነው የገነዝነው።"

"ሰው ነበር?"

"መንደሩ ወጣ እማማ። ፍሪጁ የተነሳላቸው እናቶች ሁሉ ወጡ። ባላገሩ አለቀሰለት።"

"ፊቱስ? ፊቱ ደህና ነበር?"

ይመር አቀረቀረ። "ደህና ነበር" አለ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደጋግመው። "ሜዳ ላይ የቀረ እየመሰለኝ ነበር፣ ጅብ" አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። ለካ ሲፈሩ ነው የኖሩት። በዚያ ሁሉ የስኳር ጭቅጭቅ ውስጥ። ከዚያ የይመርን እጅ ይዘው አለቀሱ፣ እሱም አለቀሰ፣ እኔም ያን ጊዜ ወጣልኝ። ጎንበስ ብዬ እንደ እህት አለቀስኩት። ማንም ምንሽ ነው ያለኝ የለም።

ሲመሽ ልሄድ ተነሣሁ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ "ይቅር ይበሉኝ እማማ" አልኳቸው።

"ቆይ እስቲ" አሉኝ። አልገፉኝም፣ አልሳሙኝምም። "ቆይ እስቲ ልጄ፣ ዛሬ አትጠይቂኝ።"

ቆይቼ ልነሣ ስል ያዙኝ።

"ያ ትምህርት አለቀ?"

"አላለቀም። ግማሹ ቀርቷል።"

"ሰዎቹስ?"

"ቅዳሜ ወደየአገራቸው ይገባሉ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገ ጨርሺው እንጂ። ልጄ የለፋበት ነገር ግማሽ አይቅር። እኔ አልመጣም፣ አልችልም።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። "ስሙን ስትጠሪ ግን ነፍሱን ይማር በይ። አሁን ይባላል።"

ቤት ስገባ ጋሽ ደምሴ ከገነት ጋር ተቀምጠው ሲጠብቁኝ አገኘሁ። ነገ በሦስት ሰዓት አዳራሹ እንደሚከፈትልኝ ሊነግሩኝ ነው። ስሙን ወረቀቱ ላይ ጻፊው አሉ፣ እኔ እፈርማለሁ አሉ። እሺ አልኳቸው።

የቀረው ክፍል ፍሪጁን ገልብጦ ማሳደር ነው፣ ረጅም አይደለም። እሱን እችለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከስሙ ጋር የምትባለውን ቃል ነው የምፈራት። ገነት ከተኛች በኋላ ለመለማመድ ሞክሬ ነበር፤ "ተሾመ" እላለሁ፣ እዚያ ጋ እቆማለሁ። በአፌ ገና አላልኩትም።